ወንድሜን ያመነው ሰው

መጻፍ የምችል ሰው አይደለሁም። የተማርኩት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ እሱም በኖርዌይኛ። አማርኛ የማነበው ከመጽሐፍ ቅዱስና እናቴ በስልክ ከምትልክልኝ መልእክት ነው። ስለዚህ ነገሩ ከተቆራረጠባችሁ ታገሡኝ። የምነግራችሁ ስለ ወንድሜ ስለ ሳሙኤል ነው። ስለ አንድ ቀን። በኋላ የሆነውንም እናገራለሁ፤ ለእኔ ግን ሁሉም ነገር ያለው እዚያ ቀን ውስጥ ነው።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትምህርት ጨርሼ የሸቀጥ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። የምንኖረው ኦስሎ፣ ሞርተንስሩድ የሚባል ሰፈር ነው፤ እናቴ፣ ሳሚና እኔ። እናቴ ሲከየም ትሠራለች፣ የአረጋውያን መጦሪያ ማለት ነው። አባት የለንም። ሳሚ በብዙ ዓመት ይበልጠኛል፤ ጫማ ማሰር፣ ብስክሌት መንዳት፣ ጢም መላጨት ያስተማረኝ እሱ ነው።

ሳሚም ሲከየም ይሠራ ነበር። ከዚያ ታመመ። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ። ቀጥሎ ሰዎች ሲሰድቡት ይሰማው ጀመር፤ እኛ የማንሰማቸው ሰዎች። ሆስፒታል ገባ፣ ወጣ፣ ተመልሶ ገባ። ወደ ሥራ እንዲመለስ ብዙ ሞከሩ፣ እሱም ሞከረ፣ አልሆነም። በመጨረሻ ሐኪሞቹ ጻፉለትና ትሪግድ ተፈቀደለት። ትሪግድ መሥራት ለማይችል ሰው መንግሥት በየወሩ የሚከፍለው ነው። እግሩ የተቆረጠ ሰው ትሪግድ ሲያገኝ ማንም ምንም አይልም። ሳሚ ግን ረጅም ነው፣ ደረተ ሰፊ ነው፣ ሲስቅ ቤት ይሞላል። "ይሄ ጎረምሳ ምን ሆኖ ነው ቁጭ ብሎ የሚበላው?" የሚሉ ነበሩ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሱም ሰምቷል።

በዚያ ዓመት ፀደይ ላይ ቤተ ክርስቲያናችን ላምበርትሴተር የሚባል ሰፈር አዳራሽ ተከራይታ ኮንፈረንስ አደረገች። ከአዲስ አበባ አገልጋይ መጥቶ ነበር። ሳሚ ወደ ፊት ወጣ፣ ተጸለየለት፣ ወደቀ። ሲነሳ ፊቱ ሌላ ነበር። እኔ አይቻለሁ፤ ማንም ውሸት ነው ቢለኝ አልቀበልም። በዚያ ሳምንት ተኛ። በላ። እናቴን በሳቅ ገደላት።

በእኛ ዘንድ የተጸለየለት ሰው ይመሰክራል። ያልተመሰከረ ፈውስ ይሰረቃል ይባላል። ደግሞ ሙሉ በሙሉ እስክትድን አትጠብቅም፤ የሚጠብቅ ሰው የሚጠራጠር ሰው ነው። መጀመሪያ በአፍህ ታውጃለህ፣ ሰውነትህ ይከተላል። ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ያደግነው ነው። እናም በሚቀጥለው እሑድ ሳሚ መድረክ ላይ ወጣ። የመድኃኒቱን ካርቶን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ይሄ በእኔ ላይ ጌታ አይደለም! ድኛለሁ!" ብሎ ካርቶኑን ወረወረው። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ከበሮ መቺያችን እሱ ነበርና ከበሮውን አንጠልጥሎ ዘለለ። እናቴ መሬት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሰው ሁሉ ስልኩን ከፍ አድርጎ መቅረጽ የጀመረበት ዘመን ነበር። ማታውኑ ቪዲዮው በቤተ ክርስቲያናችን ገጽ ላይ ወጣ።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ከትሪግድ ቢሮው ጥሪ መጣ። አንድ ሰው ጠቁሟል። ሳሙኤል ድኖ ሳለ ታምሜያለሁ እያለ ገንዘብ ይወስዳል ብሏል። ቀርቦ እንዲያስረዳ። ማጭበርበር ከሆነ ገንዘቡ ይቆማል፣ የተከፈለው ይመለሳል፣ ነገሩ ወደ ፖሊስ ሊሄድ ይችላል።

እናቴ ሰምታ ስታበቃ ሳሚን አጠገቧ አስቀመጠችው።

"ልጄ፣ እግዚአብሔር የሰጠህን ለገንዘብ ብለህ እንዳትክደው። ገንዘቡን እኔ እሠራለሁ።"

"እማዬ፣ ቢታሰርስ?" አልኳት።

"አንተ ዝም በል። ዳንኤልም ጉድጓድ ገብቷል።"

በቀጠሮው ቀን ፈረቃዬን ቀይሬ አብሬው ሄድኩ። ያለችኝን አንዲት ኮት ለብሼ ስወጣ ሳሚ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ሙሽራ ነህ ወይስ ጠበቃ?"

"ጠበቃ።"

"እንግዲያው ተፈርዶብኛል።"

ሳቅን። ባቡሩ ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የሚጸልይ መሰለኝ።

"ምን ልትላቸው ነው?"

"እውነቱን።"

"የቱን?" አልኩት፣ ለቀልድ። አልሳቀም። ወደ መስኮቱ ዞረ።

ቢሮው ውስጥ አንዲት ሴት ተቀበለችን። ኢንግሪድ ትባላለች። በእናቴ ዕድሜ ትሆናለች፤ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ከጎኗ አንድ ወጣት በኮምፒውተር ይጽፋል። ጠረጴዛው ላይ ውኃና የእንባ መጥረጊያ ወረቀት ተቀምጧል። አስተርጓሚ ይፈልግ እንደሆነ ስትጠይቀው ሳሚ ቶሎ ብሎ "ናይ" አለ፤ አይ ማለቱ ነው። ገባኝ። ኦስሎ ያሉት የአማርኛ አስተርጓሚዎች ወይ ከቤተ ክርስቲያን ወይ ከሠርግ የምናውቃቸው ናቸው።

ኢንግሪድ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችና ቪዲዮውን ከፈተችው። ያ ሁሉ እልልታ በዚያች ትንሽ ክፍል ውስጥ ሲሰማ እንዴት እንደሚያሳፍር መናገር አልችልም። የሚያሳፍር ነገር አልነበረም እኮ። እዚያ ግን አሳፈረኝ። ከፊቷ የኖርዌይኛ ትርጉሙ ነበር። ከእኔ በኩል ተገልብጦ ቢታይም አነበብኩት። ትክክል ነው፤ አንድ ቃል አልተሳሳተም።

"ይህ አንተ ነህ?"

"ያ" አለ ሳሚ። እኛ እዚህ ቤታችን ውስጥ እንኳ አዎ ማለት ትተናል።

"እዚህ ጋ ድኛለሁ ትላለህ። ድነሃል?"

ሳሚ ውኃ ቀዳ። ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። በእጅጌው ጠረገው።

"ያ። ድኛለሁ።"

ወጣቱ ጻፈ። ኢንግሪድ መነጽሯን አወለቀች።

"ሳሙኤል፣ ሐኪሞችህ የጻፉት እዚህ አለ። በጣም የታመመ ሰው ነው ይላሉ። አንተ ደግሞ ጤነኛ ነኝ ትለኛለህ። ከዳንክ ለምን ሳትነግረን ገንዘቡን ትወስዳለህ?"

ሳሚ የረጠበውን እጅጌውን ወደ ላይ ጠቀለለ።

"ከሐኪምህ ጋር እንድነጋገር ትፈቅድልኛለህ?"

"ናይ።"

"ለምን?"

"አልፈልግም።"

ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። "ስማኝ" አለችው። "የእኔ ሥራ የሚገባው ሰው እንዲያገኝ፣ የማይገባው እንዳያገኝ ማድረግ ነው። እንዲህ ብለህ ከፈረምክልኝ ነገሩ ከእጄ ይወጣል። ወጣ በሉና ትንሽ ንፋስ ተቀበሉ። ከዚያ እንደገና እጠይቅሃለሁ።"

ኮሪደሩ ላይ ማንም አልነበረም። ሳሚ ግንባሩን መስኮቱ ላይ ለጠፈ።

"ምን እያደረግክ ነው ሳሚ?"

"ቀስ ብለህ አውራ።"

"ማን ይሰማናል?"

ወደ ጣሪያው በዓይኑ አመለከተኝ።

"ድምፆቹ መቼ ተመለሱ?"

"የት ሄደው?" አለኝ። ፈገግ ሊል ሞከረ፣ አልሆነለትም። "ያን ሳምንት ዝቅ ብለው ነበር። እውነቴን ነው ሚኪዬ። ጠፉ ብዬ ነበር። መድረክ ላይ ስወጣ ጀመሩ። እናንተ እልል ስትሉ እነሱ 'ውሸታም' ይሉኛል። እየጮህኩ የመሰከርኩት እነሱን እንዳልሰማ ነው።"

"መድኃኒቱንስ?"

"እወስዳለሁ። ሥራ ፍለጋ ብዬ የምወጣው ሐኪሜ ጋ ነው። ለእማዬ እንዳትነግራት።"

"እና ይሄንኑ ንገራቸዋ! በቃ፣ እዚሁ ያልቃል!"

"ከነገርኳቸው አልዳንኩም ማለት ነው።"

"አልዳንክማ!"

ኮቴን ጨምድዶ ያዘኝ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። "አንተ ልጅ፣ እኔ የቀረችኝ ያቺ እሑድ ናት። እማዬ ያን ቀን እንዴት እንዳየችኝ አይተሃል? ከታመምኩ ጀምሮ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። ልታሰር። ግድ የለኝም። የዳነ ሰው ሆኜ ልታሰር።"

ተመለስን። ኢንግሪድ እንዳለችው እንደገና ጠየቀችው። ሳሚም እንደገና "ያ፣ ድኛለሁ" አለ። ወጣቱ ያተመውን ወረቀት ገፋ አደረገለት። ሳሚ እስክሪብቶ አነሳ።

"መናገር እችላለሁ?" አልኩ። የራሴ ድምፅ አልመሰለኝም።

"ሚኪዬ፣ ተው" አለኝ በአማርኛ።

አልተውኩም። ኖርዌይኛዬ ጥሩ ነው፣ ያን ቀን ግን ተንተባተብኩ። ድምፆቹን ነገርኳት። መድኃኒቱን ነገርኳት። በድብቅ ሐኪም ጋ እንደሚሄድ፣ ሌሊት ሌሊት ሳሎን ውስጥ ሲዞር እንደሚያድር ነገርኳት። "ተው እኮ አልኩህ!" አለ ሳሚ። ወደ ስክሪኑ አመለከትኩ። "በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ድኛለሁ የሚለው ስለዳነ ብቻ አይደለም። እንዲድንም ነው" አልኳት።

ኢንግሪድ የትርጉሙን ወረቀት አንስታ ለረጅም ጊዜ አየችው። "ይህንን እዚህ ላይ አላገኘሁትም" አለች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። "ወንድምህ የሚለው እውነት ነው?"

ሳሚ አንገቱን ደፋ። ያ ትልቅ ትከሻው ወደ ውስጥ ሲታጠፍ አየሁት። ወጣቱ መጻፉን አቆመ። ከዚያ በማይሰማ ድምፅ፣ "ያ" አለ። ከሐኪሙ ጋር እንድትነጋገርም ፈቀደላት። ስንወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ምነው ሚኪዬ?" አለኝ። ባቡሩ ውስጥ ከእኔ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

ቤት ስንደርስ እናቴ ከጋሽ ታደለ ጋር ተቀምጣለች። ጋሽ ታደለ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። እሱም ሲከየም የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። ሳሚ ሆስፒታል ተኝቶ በነበረ ጊዜ ልብሱን የሚያመላልስለት እሱ ነበር። ያን ቀን ሊጸልይ ነው የመጣው።

"እንዴት ሆነ?" አለች እናቴ ተነስታ።

ሳሚ ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። "መታመሜን ነገርናቸው።"

"ምን?"

"አልዳንኩም እማዬ።"

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ጋሽ ታደለ ቀስ ብሎ ብድግ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ሳሚ፣ መድረክ ላይ ቆመህ እኮ..."

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"በእግዚአብሔር ፊት ነው የተናገርከው።"

"አውቃለሁ።"

ጋሽ ታደለ የሚይዘው ነገር እንደሚፈልግ ሰው ወንበሩን ዳበሰና ተመልሶ ተቀመጠ። "እኔ ነኝ" አለ።

"ምኑ?" አልኩት።

"የጠቆምኩት። እኔ ነኝ።"

ምን እንዳደረግሁ በደንብ አላስታውስም። ወደ እሱ ሄጃለሁ። እናቴ "ሚክያስ!" ብላ ስትጮህ ሰምቻለሁ። ጋሽ ታደለ ሊከላከል እጁን አላነሳም። እያየኝ ተናገረ። "በክፋት አይደለም፣ ጌታ ያውቃል። እኔ ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ ሳገላብጥ አድሬ ግብር እከፍላለሁ። ለታመመ ይሁን፣ ደስ ብሎኝ ነው። የዳነ ሰው የታመመን ድርሻ ሲበላ ግን የጌታ ስም ይሰደባል። ነጮቹስ ምን ይላሉ? ልመክረው ፈልጌ አፍሬ ተመለስኩ። ድኗል ብዬ ነው እኮ! ድነሃል ብዬ ነው ሳሚ!"

"ውጣ ከቤታችን!" አልኩት።

ያኔ ሳሚ ተነሳ። በመካከላችን ገባና ጎንበስ ብሎ የጋሽ ታደለን ትከሻ ሳመው።

"ተወው" አለኝ። "እሱ ብቻ ነው ያመነኝ።"

ሳሚ ቀጠለ፣ በቀስታ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። "እልል ያለው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ተጠራጥሯል። እማዬ አሁንም ሌሊት እንድትሰማኝ በሯን ከፍታ ነው የምትተኛው። እኔ ራሴ የጣልኩት ካርቶኑን ነው እንጂ መድኃኒቱን አይደለም። ጋሽ ታደለ ብቻ ድኗል ብሎ እንደዳነ ሰው ቆጠረኝ።" ወደ ክፍሉ ገባ። ጋሽ ታደለ ያለቀሰው ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ ሻይ እንኳ አላቀረበችለትም፤ ውጣም አላለችው።

ኢንግሪድ በረዶው ከመጣሉ በፊት ራሷ ደወለች። የሳሚን ሐኪም አነጋግራለች፤ ማጭበርበር የለም፣ ትሪግዱ ይቀጥላል። ደስ ሊለን ይገባ ነበር። ሳሚ ስልኩን ይዞ "አመሰግናለሁ" አላትና ዘጋ። "እንግዲህ በሕግ የታመምኩ ሆንኩ" አለኝ።

በቤተ ክርስቲያን ቪዲዮው ከገጹ ወረደ። ክፉ ቃል የተናገረው ሰው የለም፤ እውነቱን ልናገር። ከበሮውን ለሌላ ልጅ ሰጡት። "ትንሽ እረፍት ውሰድ" አሉት። ሰላም ሲሉት ዓይኑን አያዩም። ቢሮው አታላይ አይደለህም አለው፤ እነሱ ደግሞ ምንም አላሉትም። እሱም መሄድ ተወ። ጋሽ ታደለ ብቻ በየሳምንቱ እየመጣ በሩን ያንኳኳ ነበር። አንዳንዴ እከፍትለታለሁ፣ አንዳንዴ አልከፍትለትም።

በዚያው ክረምት ሳሚ ራሱን አጠፋ። ይህን ቃል በአማርኛ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው።

በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሽማግሌዎቹ አዘጋጅተው ሰጡኝ። የተወለደበት፣ የተማረበት፣ ጌታን ያገኘበት ሁሉ አለ። መጨረሻው ላይ "ባደረበት ድንገተኛ ሕመም" ይላል። እዚያ ስደርስ ቆምኩ። ሕመሙ ድንገተኛ አልነበረም። "ወንድሜ ለብዙ ዓመታት ታሞ ነበር" ብዬ አነበብኩ። "በአእምሮው ነበር የታመመው። የተሰጠው ገንዘብ ይገባው ነበር። መዳን ይፈልግ ነበር።" ከፊት ረድፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየቷን እስካሁን መተርጎም አልቻልኩም።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ጥፋተኛው ማን ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብዙ ፈልጌያለሁ። ኢንግሪድ ሥራዋን ሠራች። ጋሽ ታደለ ያመነውን አደረገ። እኔ ያን ቀን ዝም ብል ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም፤ አሁንም ብሆን የምናገር ይመስለኛል። የሚያጭበረብር ሰው የለም አልልም። አለ፤ እኔም አውቃለሁ። ተመርምሮ ሲገኝም አይከፋኝም። ነገር ግን ሕመሙ የማይታይ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ምስክር ሲቆጠርበት ይኖራል። ለቢሮው መታመሙን ያስረዳል። ለእኛ መዳኑን ያስረዳል። ሁለቱን የሚችል ትከሻ ያለው ሰው አላየሁም፤ ሳሚ ትከሻው ሰፊ ነበር።

ጸሎት አይሠራም ለማለትም አይደለም የጻፍኩት። ያን ሳምንት ተኝቷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁንም እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። ሰው ሲመሰክር አሜን እላለሁ። አንድ ነገር ግን ተለውጦብኛል። ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ የመሰከረውን ሰው ፈልጌ ብቻውን አገኘዋለሁ።

ባለፈው እሑድ አንዲት ልጅ መሰከረች። እዚህ የተወለደች ናት፣ ገና ተማሪ። ከጭንቀት ድኛለሁ አለች፤ ተጨበጨበ። ኮቷን ስትለብስ ጠጋ አልኳትና "ትናንት ሌሊት ተኝተሻል?" አልኳት። ቆሜ ጠበቅኋት። ዙሪያዋን አየች። እናቷ ሩቅ ከሰው ጋር እየሳቀች ነበር።

"ናይ" አለችኝ።